«ንጉሥ» ወይስ «ንጉሠ ነገሥት»? ከፎቶግራፍ ሥር የቱን እንጻፍ?

የመንቆረር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ተማሪዎቼ የድሮ ገዢዎችን ፎቶግራፍ አሰባስበው በካርቶን ላይ ለጥፈዋል። ከየፎቶግራፉ ሥር ሁለት መስመር መግለጫ ይጻፋል፤ ሥራው የቆመው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ «ተክለ ሃይማኖት፣ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ» ብላ ጻፈች። የአማርኛ አስተማሪው ባልደረባዬ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ሠረዘባት። «በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ ዮሐንስ ነው። አንድ አገር ሁለት ንጉሥ የለውም። ራስ አዳል ብለሽ ጻፊ» አላት። ልጅቷም አልተመለሰችም፤ «ታዲያ እዚህ ከተማችን ያለው ቤተ መንግሥት ለምን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይባላል?» አለችው።

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ፤ ለባልደረባዬ ግን አጥጋቢ መልስ በአጭሩ ማስቀመጥ ተቸግሬአለሁ። ሌሎቹም ፎቶግራፎች ያው ጣጣ አለባቸው። የወሎው ሚካኤል ራስ ነው ወይስ ንጉሥ? ልጁ «ልጅ ኢያሱ» እየተባለ አባቱ እንዴት ንጉሥ ይሆናል? ዘውዲቱ በዙፋን ላይ እያሉ «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶግራፍም አለን። የጅማው አባ ጅፋርስ? የምታውቁ ብታግዙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ፦

ልጄ፣ ለባልደረባህ ሰላምታዬን አድርስልኝና ቀይ እስክሪብቶውን ተቀብለህ ለተማሪዋ ስጣት።

«አንድ አገር ሁለት ንጉሥ የለውም» የሚለው አስተሳሰብ የእኛ ትውልድ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማንንም ንጉሥ ብለው አላነገሡም። በእሳቸው ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ ንጉሥ ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ማዕረጎች በጆሮው ተቀላቀሉ። ከዚያ በፊት ግን ንጉሠ ነገሥት የተባለው በሥሩ ነገሥታት ሊኖሩት ስለሚችሉ ነው። አንዳንድ ጊዜ ኖረዋል፣ አንዳንድ ጊዜ አልኖሩም። የታሪኩ ጨው ያለው መቼና ለምን ኖሩ የሚለው ላይ ነው።

ከልቼ እንጀምር። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ሸዋ ላይ ምኒልክ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ይጠራ ነበር። በአንድ አገር ሁለት ንጉሠ ነገሥት፤ ይህኛው ነው በእርግጥ የማይቻለው። በ1870 ዓ.ም. ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሰገሡ፤ መጋቢት ላይ ልቼ ውስጥ ታረቁ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተወ፣ ግብር ሊከፍልም ተስማማ። ዮሐንስ በበኩላቸው የሸዋ ንጉሥነቱን አጸኑለት። ልብ በል፤ ምኒልክ በዚያ ቀን አንድ ማዕረግ አጣ፣ ሌላ ማዕረግ አገኘ። ያገኘው ከበፊቱ ያነሰ ቢሆንም ከበፊቱ የጠነከረ ነበር፤ ማንም ሊክደው የማይችል ሰው ሰጥቶታልና። ንጉሥነቱ ባዶ ስም እንዳልነበረ ደግሞ ሹመቶቹን ተመልከት። ጎበና ዳጬን ራስ ብሎ የሾመው ገና የሸዋ ንጉሥ ሳለ ነው። ራስ ሌላ ራስ አይሾምም፤ ንጉሥ ግን ይሾማል።

አሁን ወደ አንተ አገር እንምጣ። ከልቼ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር 1873 ዓ.ም.፣ ዮሐንስ የጎጃሙን ራስ አዳል ተሰማን «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ብለው አነገሡ፤ ማዕረጉም የጎጃምና የካፋ ንጉሥ። ራስ አዳል የሚለው ስም ከዚያ ቀን በፊት ለተነሣ ፎቶግራፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለተነሣው ከተጻፈ ግን ሰውየውን ከማዕረጉ ማውረድ ነው፤ ባልደረባህ ሳያስበው ዐፄ ዮሐንስ የጫኑትን ዘውድ አወለቀ ማለት ነው።

ለምን አነገሡት? የእኔን አስተያየት ከፈለግህ፣ ሸዋ ላይ አንድ ንጉሥ ብቻውን ከሚቀመጥ ዓባይ ማዶ የሚፎካከረው ሌላ ንጉሥ ቢኖር ለትግራዩ ንጉሠ ነገሥት ይሻላል። ደግሞ በማዕረጉ ውስጥ «የካፋ» የምትለዋን ቃል እያት። ካፋ በጊዜው በተክለ ሃይማኖት እጅ አልነበረችም። ወደዚያ የሚወስደውን የዝሆን ጥርስና የዝባድ ንግድ መንገድ የምኒልክም ሠራዊት ይፈልገው ነበር። ገና ያልተያዘ አገር ለአንዱ በስም ሲሰጥ ሁለቱ መጋጨታቸው አይቀርም። በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እንባቦ ላይ ተጋጠሙ። ተክለ ሃይማኖት ተሸንፎ ተማረከ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የንጉሥ ማዕረግ ምን እንደሆነ በግልጽ የሚታየው። ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጧቸው። ከአሸናፊው ከምኒልክ ወሎን ወስደው ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ። ከተሸናፊው ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ነጠቁ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» እያልን አድገናል፤ ይኸው ሁለት ነገሥታት በአንድ ዓመት ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸውም። ሁለቱም ግን ንጉሥ ተብለው ቀጠሉ። መሬት ተቀነሰባቸው እንጂ ዘውዳቸው አልተነካም። ራስ ቢሆኑ ኖሮ ተሽረው ግዞት መውረድ ይችሉ ነበር። አንድ ጊዜ ተቀብቶ የነገሠን ሰው መሻር ግን ከባድ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ብልህ ንጉሠ ነገሥት ዘውድ ሲሰጥ እጁ የሚከብደው።

ምኒልክ ይህን ትምህርት በራሱ አካል ተምሮታል። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫነ በኋላ ተክለ ሃይማኖት እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 1893 ዓ.ም.፣ ንጉሥነቱን አከበረለት። ሲሞት ግን ጎጃም ሌላ ንጉሥ አላገኘም። የዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ የትግሬ ንጉሥነትን ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ራስ መንገሻ እንደተባለ ተመለሰ። ምኒልክ ንጉሥ ከነበረበት ወንበር ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥት ስለሆነ፣ ያ ወንበር የሚያደርሰውን ቦታ ያውቃል።

ሚካኤልን በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ፤ የእኛው የደሴ ጉዳይ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አልጨርሰውም።

ሐና ዘነቀምት፦

መምህር፣ ያልተያዘ አገር በስም ተሰጠ ያሉትን ወድጄዋለሁ፤ ካፋን ግን ንጉሥ እንደሌላት አገር አለፏት። ካፋ የራሷ ንጉሥ ነበራት፤ ማዕረጉም ታቶ ነው። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተማረከው ከእንባቦ 15 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ «የጎጃምና የካፋ ንጉሥ» ስትል «ተብሎ የነገሠ» የሚል ብትጨምርበት ካፋዎቹም አይቀየሟትም።

አባ ጅፋርን በተመለከተ ጠያቂው ወንድማችን «ሞቲ አባ ጅፋር» ብሎ ይጻፍ። በኦሮሞ መንግሥታት የገዢው ማዕረግ ሞቲ ነው። አባ ጅፋር የፈረስ ስሙ ነው፤ በአባቱ ቢጠራ አባ ጅፋር አባ ጎሞል ይባላል። በሰላም ገብሮ በየዓመቱ ግብር እየከፈለ ጅማን ማስተዳደሩን ቀጠለ፤ ቤተ መንግሥቱም ጅሬን ላይ ዛሬ ድረስ ይጎበኛል።

ማዕረግ ሲቀየር ለማየት የሚፈልግ ግን የእኛን አገር ይመልከት። የሌቃ ነቀምቱ ሞቲ ሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ፣ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ሲባል ደጃዝማች ሆነ። የቄለሙ ጆቴ ቱሉም እንዲሁ ደጃዝማች ተባለ። ሰዉ ያው፣ ምድሩ ያው፤ ከአባቱ የወረሰው የገዢነት ስም ግን በንጉሠ ነገሥቱ የሹመት መሰላል ውስጥ ገብቶ ከራስ በታች ተቀመጠ። ሳይዋጉ በመግባታቸው ግዛታቸውን ይዘው ቆይተዋል፤ በ1887 ዓ.ም. እስከ መጨረሻው የተዋጋው የወላይታው ካዎ ጦና ግን ዙፋኑንም አገሩንም አጥቷል። ነቀምት የምትመጡ ከሆነ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኗል፤ ግቡና እዩት።

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ፦

እህቴ ሐና፣ ልክ ነሽ፤ «ተብሎ የነገሠ» ትግባ።

አሁን ሚካኤል። ጠያቂው «ራስ ነው ወይስ ንጉሥ?» ይላል። ሁለቱንም ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ኢማም ነበር። የወረ ሂመኖ ገዢዎች ማዕረግ ኢማም ነው፤ መሐመድ አሊም በዚያ ስም ይጠራ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ሲነሣ ራስ ሚካኤል ሆነ፤ ተቀናቃኙ ኢማም አባ ዋጠውም ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ተባለ። አንድ ሰው በሕይወቱ ኢማም፣ ራስ፣ ንጉሥ መባሉ የኢትዮጵያን የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይናገራል።

ንጉሥ የሆነው በግንቦት 1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ ነው፤ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብሎ። ምኒልክ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አርፈዋል፤ ሞታቸውም ለሕዝብ አልተነገረም። ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ አልጫነም፣ እስከ መጨረሻውም አልጫነም። ጠያቂው የገረመው ነገር ስለዚህ በእርግጥ ይገርማል፤ ራሱ ያልነገሠ ልጅ አባቱን አነገሠ። ማዕረግን በማዕረግ ብቻ ለሚቆጥር ሰው ሥርዓቱ የተገለበጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ኢያሱ የሚናገረው በምኒልክ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የሚያነግሠው አልጋው ነው እንጂ የሰውየው ስም አይደለም። በሌላ በኩል የሸዋ መኳንንት ይህን ሲያዩ ሌላ ነገር ነው የገባቸው። ከዮሐንስ በኋላ ወደ ሸዋ የመጣው ማዕከል ወደ ሰሜን ሊመለስ ነው ብለው ፈሩ። ምኒልክ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ነገር፣ በአካባቢው ላይ የሠለጠነ ባለ ዘውድ፣ እንደገና ብቅ አለ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሻር አባትየው የወሎን ጦር አስከትቶ መጣ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፈና ተማረከ። በሰንሰለት ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። እዚህ ደሴ ሽማግሌዎች ዛሬም «ንጉሥ ሚካኤል» ይላሉ፤ የአይጠየፍን አዳራሽ የሚያሳይህ ሰው ራስ ብሎ ቢጠራው ከአጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው ያርመዋል። ሌላ ቦታ ራስ ሚካኤል ማለት ይበዛል። ለአንተ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉ ከግንቦት 1906 በፊት ከተነሣ ራስ፣ በኋላ ከተነሣ ንጉሥ። ቀኑን ካላወቅህ «ሚካኤል አሊ፣ ራስ፣ ኋላም የወሎና የትግሬ ንጉሥ» ብለህ ጻፍ።

ማዕረግን ያለ ቀን አትጻፍ። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት በዚህ አሰልችቻቸዋለሁ!

ተፈሪም በዚሁ ይፈታል። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ራስና አልጋ ወራሽ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ የተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ «አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን» ነው። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። የአንተ ፎቶግራፍ የዚያ ጊዜ ነው። ይህ ንጉሥነት ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ተክለ ሃይማኖት የጎጃም፣ ምኒልክ የሸዋ፣ ሚካኤል የወሎና የትግሬ። ተፈሪስ የየት? ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እሳቸውም እዚያው አዲስ አበባ ላይ ንጉሥ ናቸው። ግዛት የሌለው ንጉሥ ማለት ነው፤ ወይም ከፈለግህ ግዛቱ ሁሉም የሆነ። የድሮ ሰዎች ያጉረመረሙት በዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ንጉሥነት ባለ ዘውዱን ከንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ያርቀው ነበር፤ ይህኛው ከእልፍኙ በር አስጠጋው። የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ተዋግተው ወደቁ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነሣ ፎቶግራፍ «ንጉሠ ነገሥት» ይባላል እንጂ የጥቅምት 23 ቀን 1923ን የዘውድ በዓል አይጠብቅም፤ ንግሥናው አስቀድሞ ታውጇል።

ስለ ዘውዲቱ አንድ ነገር፦ ተማሪዎችህ «እቴጌ ዘውዲቱ» ብለው እንዳይጽፉ። እቴጌ የንጉሠ ነገሥት ሚስት ናት፤ ጣይቱ እቴጌ ናቸው፣ መነን እቴጌ ናቸው። ዘውዲቱ የማንም ሚስት ሆነው አልነገሡም፤ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዱ የተጫነው በራሳቸው ላይ ነው።

አብዱ ዘውቅሮ፦

ሰላም። እኔ ከውቅሮ ነኝ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይህ ማዕረግ ከሁሉ ርቆ የተጓዘው ግን በእኛ በኩል ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲልኩ የተቀበላቸው የአክሱም ንጉሥ በዐረብኛ ነጃሺ ይባላል። አስሐማ የሚል ስም ቢኖረውም ዓለም የሚያውቀው በማዕረጉ ነው። ሲሞትም ነቢዩ በሌለበት የጀናዛ ሶላት እንደሰገዱለት በሐዲስ ተላልፏል። መስጊዱ ከከተማችን በስተሰሜን ነጋሽ በምትባል መንደር ነው። ዛሬ ልጁን ነጃሺ ብሎ የሚሰይም አባት ንጉሥ ብሎ መሰየሙ እንደሆነ ላያስብ ይችላል፤ ማዕረጉ ስም ሆኗል።

መምህር ደግሞ ባሕር ነጋሽን ረሱ። ድባርዋ ላይ ተቀምጦ የባሕሩን ዳር የሚገዛው ሹም ነው፤ በስሙ ንግሥና አለበት፣ በሥልጣኑ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ነው። ስለዚህ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊትም ቃሉ ከላይ እስከ ታች ይሠራ ነበር።

የዲሲው ታክሲ ነጂ፦

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። በዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ጃማይካዊ ተሳፋሪ ካጋጠመኝና ኢትዮጵያዊ መሆኔን ካወቀ ጨዋታው በማዕረግ ይጀመራል። አንዱ «ራስ» እገሌ እባላለሁ ብሎ ራሱን አስተዋወቀኝ፤ ማን ሾመህ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። እምነታቸው ራሱ የሚጠራው ጃንሆይ በ1921 ዓ.ም. ትተውት ባለፉት ማዕረግ ነው፤ ራስ ተፈሪ። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ሲያመልኳቸው ስሙን ግን ከራስነታቸው ወሰዱ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲወርዱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት እንደነበር ተሳፋሪዎቼ ልክ ትናንት እንደሆነ አድርገው ይነግሩኛል።

አውሮፓውያን ደግሞ በተቃራኒው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጣሊያንና የፈረንሳይ ጋዜጦች ጃንሆይን «ነጉስ» ነበር የሚሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱን ሳያውቁት ከአንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይጠሩ ነበር ማለት ነው። ጣሊያን ግን ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ለራሷ ንጉሥ ለቪክቶር ኢማኑኤል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ማዕረግ ስትሰጥ ልዩነቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የራሷን ንጉሥ «ነጉስ» አላለችውም።

የአንኮበር ሰው፦

መምህር በሚገባ ጽፈዋል፤ ነገር ግን «ማንም ሊክደው የማይችል ሰው ሰጠው» የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ሣህለ ሥላሴን ማን አነገሠው? የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከጎንደር ዘውድ ተልኮለት አያውቅም። ከእንግሊዝ ጋር በ1834 ዓ.ም. ውል ሲዋዋል የሸዋ ንጉሥ ተብሎ ነው። እና እሱ ንጉሥ አልነበረም ልንል ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ፦

አንኮበሬው፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ ጥሩ ተቃውሞ የሚመጣው ሁልጊዜ ከሸዋ ነው።

ሣህለ ሥላሴን ማንም አላነገሠውም፤ ራሱን አነገሠ። ሊያደርገው የቻለው ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባለው ሰው በየጁ ራሶች እጅ ስለነበረ ነው። በዘመነ መሳፍንት የላይኛው ዘውድ ባዶ ሲሆን ከታች ያለው ሹም ወደ ላይ ያድጋል። የአንኮበሮችን ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ተከተለው፦ አምኃ ኢየሱስና አስፋ ወሰን መርዕድ አዝማች ናቸው፤ ወሰን ሰገድ ራስ ተባለ፤ ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ። መሰላሉን ራሳቸው እየሠሩ ነው የወጡበት። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭኖ የላይኛውን ወንበር ሲሞላ ግን የመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሸዋ መውረድና ንጉሥነቱን ማጥፋት ነበር። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞተ፤ የልጅ ልጁ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰደ። ራስን የማንገሥ ዕድሜ የላይኛው ወንበር ባዶ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ነው። ልቼ ላይ ምኒልክ ከዮሐንስ የተቀበለው ንጉሥነት ከአያቱ ንጉሥነት የሚለየው በዚህ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም።

አብዱ፣ ባሕር ነጋሽን አልረሳሁም፤ እንዳይበዛ ብዬ ነው። ካነሣኸው ግን እኔም ልጨምር። ንጉሠ ነገሥት የሚለው ማዕረግ በዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ አለ፤ በግዕዝም በግሪክኛም። የሚገዛቸውን አገሮችም ይዘረዝራል፦ አክሱም፣ ሒምየር፣ ሳባ፣ ቤጃ፣ ካሱ። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ለመግዛታቸው ማስረጃው ጽሑፉ ራሱ ብቻ ነው። ተክለ ሃይማኖት ያልያዘው ካፋ ስም ማዕረጉ ውስጥ ገባ ብለን የምንገረመውን ያህል፣ ልማዱ አሥራ አምስት መቶ ዓመት የሚያህል ዕድሜ አለው።

ሥዕለት አድራሽ፦

እኔ ስለ ማዕረግ አላውቅም፤ በሠፈራችን ግን የሚካኤል ንግሥ ኅዳር 12 ነው፤ ንግሥናውንም የሚከራከረው የለም። ጥላሁን ገሠሠም የሙዚቃ ንጉሥ ነው። ማን አነገሠው ብትሉኝ ሕዝቡ።

የመንቆረር ልጅ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የኔታ። መግለጫዎቹን በየቀናቸው አስተካክለን ጽፈናል። ባልደረባዬም አንብቦ ልጅቷን «ቀጥይ» አላት፤ ነገር ግን ወዲያው ሌላ ፎቶግራፍ አመጣልኝ። የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነው፤ ከጀርባው በእጅ ጽሑፍ «መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን» ተብሏል። የሚገርመው ደግሞ አባቱ ከወረዱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. «ንጉሥ» ተብሎ ነበር የሚል ሰው አለ። ይህ እውነት ነው? እውነት ከሆነ ከሥሩ ምን ይጻፍ?

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ፦

እውነት ነው። መርዕድ አዝማች ከላይ ያነሣሁት የአንኮበሮች ማዕረግ ነው፤ ኃይለ ሥላሴ ከአያቶቻቸው አንሥተው ለአልጋ ወራሻቸው ሰጡት። ወጣቱ አልጋ ወራሽ ወሎን ይገዛ በነበረበት ጊዜ እዚህ ደሴ ላይ በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ዙፋኑን ወዲያው አላፈረሰም። አልጋ ወራሹ ለሕክምና ውጭ አገር ናቸው፤ ሲመለሱ «ንጉሥ» ተብለው ይነግሣሉ፣ ሥልጣን የሌለው ርእሰ ብሔር ይሆናሉ ብሎ ዐወጀ። ንጉሠ ነገሥት አላላቸውም። ወታደሮቹ ማዕረጉን በጥንቃቄ ነው የመረጡት፤ ከዮሐንስ ጀምሮ ከታች የተቀመጠውን ስም አንሥተው፣ ከላዩ ያለውን አጥፍተው፣ ብቻውን አቆሙት። አስፋ ወሰን ግን አልተመለሱም። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ዘውዱን ከነማዕረጎቹ ሻረ፤ የንጉሥነቱ ዐዋጅም ስድስት ወር ጥቂት እንዳለፈው ቀረ።

ፎቶግራፉ ከመስከረም 1967 በፊት የተነሣ ከሆነ «አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን» ብለህ ጻፍ። ንጉሥ ብለህ አትጻፍ፤ ታወጀላቸው እንጂ አልነገሡም። ባልደረባህ ቀይ እስክሪብቶውን ለዚህ ሊጠቀምበት ይችላል።